በሦስት ቀን የተገኘ ቦታ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄን ይውጠዋል። ነገሩም የሆነው እንዲህ እንደ ዛሬው ሰማይና ምድር በተደባለቀበት ክረምት ነው።

አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። ባል የላት፣ ዘመድ የላት፤ አንዲት ልጇን የሰው ልብስ እያጠበች አስተማረቻት። ልጅቷም "ቢሮ ተቀጠርኩ" አለቻትና እናት ወሬውን ለሰፈሩ አዳረሰችው።

እሁድ እሁድ ጸጉሯን ስትሠራላት ብናኝ ጥጥ ትለቅምላታለች።

"ምነው፣ ይሄ ቢሮ አይጠረግም?" ትላታለች። ልጅቷ ትስቃለች፤ ሳቁ ሳል ይሆንና ይቀራል።

በዚያ ክረምት እናት የልጇ መሐረብ ላይ ደም አየች።

"በቃ፣ አርፈሽ ታከሚ!"

"መታመሜን ከሰሙ ያባርሩኛል እማዬ። ማን ሊያበላን ነው?"

እናት፣ እኔ ሥራ ካገኘሁ ልጄ ታርፋለች አለች በልቧ። ለልጇም ሳትነግር በማግስቱ አንድ የፍራሽ ፋብሪካ በር ላይ የሥራ ማስታወቂያ አለ ሲሉ ሰምታ ሄደች።

ቀጣሪዋ ሴትዮ፣ እንዴት ያለች ሰው መሰለቻችሁ! ብድግ ብላ ተቀበለቻት። ወንበር ሳበችላት፤ በዝናብ ርሳ ብታያት የራሷን ሻል አለበሰቻት።

"እማማ፣ አልዋሽዎትም፤ የነበረው ቦታ አንድ ነው፣ እሱም ትናንት ተይዟል። ግን እዚህ የመጣ ሰው ሳይስተናገድ አይሄድም። መስፋት ይችላሉ?"

"እጄ ገና አልከዳኝም የኔ ልጅ።"

"በዚህ ዕድሜዎ ምን አስቸገረዎት?"

ሰው እንዲህ ሲጠይቅ ማን ሆዱን ይዘጋል? የልጇን ሳል፣ ደሙን፣ ከመሥሪያ ቤቷ መደበቋን ዘረገፈችው። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የልጅቷን ስም ጠየቀቻት። እናት ለጸሎት ይሆናል ብላ ከነአባቷ ነገረቻት።

"በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሆነም አልሆነም፣ መልሱን እነግርዎታለሁ" አለችና እስከ በር ሸኘቻት።

ጎረቤቷ፣ ሰፈሩ "ጠርጣሪት" የሚላት፣ ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች።

"አንቺ የዋህ! ለድሃ ወንበር የሚስብ ቀጣሪ የት አየሽ? ወይ ሊዘርፉሽ ነው ወይ ሊሸጡሽ!"

"ምኔን ይዘርፉኛል? የሳሙና አረፋዬን?"

"ሳቂ አንቺ! ማር እያላሱ ነው የሚያርዱት!"

በሦስተኛው ቀን በጠርጣሪት ስልክ ተደወለ፤ ቦታ ተገኝቷል፣ ሰኞ ይግቡ።

"ያልነበረ ቦታ በሦስት ቀን ከየት በቀለ?" አለች ጠርጣሪት። እናት ግን እልል አለች።

የዚያኑ ዕለት ልጅቷ በቀትር ቤት ገባች። "ቢሮው እረፍት ሰጠኝ" አለች።

"ተመስገን! አምላክ ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ እኔም ፍራሽ ፋብሪካው ቀጠረኝ!"

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አፈርሽብኝ እንዴ?"

"ኧረ እማዬ። ደክሞኝ ነው።"

ሰኞ እናት ገባች። ተንኮል የለ፣ ሽያጭ የለ። ሴትዮዋ ራሷ እጇን ይዛ መስኮቱ ሥር ካለችው የስፌት መኪና ጋ አስቀመጠቻት፤ በየሳምንቱም "ልጅዎ እንዴት ሆነች?" እያለች ትጠይቃት ነበር።

ከዚያ በኋላማ፣ ጠርጣሪት ሰው መጠርጠሯን ለጊዜውም ቢሆን ተወች። ሴትዮዋን፣ ሥራ ፈላጊን እንደሷ የሚያከብር የለም ብለው የፋብሪካው ባለቤቶች የቅጥር ክፍሉ ዋና አደረጓት። ልጅቷ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች፤ ሴትዮዋም ቀብር መጥታ ከእናት ጋር አለቀሰች። እናት ዛሬም እዚያው ትሰፋለች፤ ሴትዮዋንም ትመርቃለች።

በዚያች መኪና ከእሷ በፊት አራት ዓመት የሰፋችው ልጇ ነበረች።