የደረጃው አምፖል

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የነዋሪዎች ማህበሩ ሊቀመንበር ምንም አይሰማውም። አያለቅስም፣ አይቆጣም፣ ምግብም አያሰኘውም። ቢተዉት አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን ሲያይ ይውላል።

ነዋሪዎቹ ግን አልተዉትም። የሕንጻው ዕቃ ተማክሮ የሚበላሽ ይመስል፣ ዛሬ የደረጃው አምፖል ሲጠፋ በማግስቱ የአንዱ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል። ደግሞ ሁልጊዜ በጠዋት ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያለ እርስዎ ማን አለን?»

ካቻቢቴውን ይዞ ይወርዳል። ጠግኖ ሲጨርስ የጠራው ሰው ጎትቶ ቁርስ ላይ ያስቀምጠዋል። እምቢ ለማለትም ጉልበት ይፈልጋልና ይበላል።

አንድ ጠዋት አምፖሉን ሊቀይር ቢወጣ፣ አምፖሉ ደህና ነው። ሰው አላልቶታል እንጂ አልተቃጠለም። የቧንቧውን ብሎን አስታወሰ፤ እሱም በእጅ የተፈታ ነበር።

ጥርጣሬው ሦስተኛ ፎቅ ባለው ልብስ ሰፊ ላይ አረፈ። ለሊቀመንበርነት ሲወዳደሩ ያሸነፈው እሱን ነው። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ነገር ሲፈልገው ኖሯል፤ ለቀብሩም መጥቶ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።

«አልቻለም ሊያሰኘኝ ነው» አላት ታላቅ እህቱን በስልክ። «እጅ ከፍንጅ ልያዘው ብቻ። ከዚያ ቁልፎቹን አስረክቤ፣ በሬን ዘግቼ እተኛለሁ።»

«እስከ መቼ?»

እሱ ካቻቢቴውን አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«ቁርስስ በላህ?» አለች እህቱ።

«በግድ።»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ወርዶ፣ ከደረጃው ሥር ካለችው የመጥረጊያ ማስቀመጫ ገባና በሩን ገርበብ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊው ጫማውን በአንድ እጁ፣ በርጩማ በሌላው ይዞ፣ በካልሲ ብቻ እየረገጠ ወረደ። በርጩማው ላይ ቆሞ አምፖሉን ያላላ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ደረቱ ሲግል ታወቀው። ንዴት ነው። ይህን ያህል ነገር ከተሰማው ቆይቷል። በሩን ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ፣ የምድር ቤቷ ጡረተኛ አስተማሪ ሽርጧን እንደታጠቀች ብቅ አለች።

«ውረድ አንተ፣ ተራህ ትናንት አልፏል» አለችው በሹክሹክታ፤ «ዛሬ የሚበላሸው እኔ ቤት ነው፣ ቁርሱንም ሠርቼ ጨርሻለሁ።»