ዝማሬ የጠፋበት ጸሎት

ማክሰኞ፣ ሜይ 14 ቀን 2019፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ማንጌሬ በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ማማ ሉፔ ሮዝ ከረሜላ መሳይ እንክብል የሞላበትን ብልቃጥ ከልጃቸው ከፔሌኒሴ እጅ መንጭቀው መነጽራቸው ሥር አገላበጡት።

«ባክቴሪያ ይላል።»

«ጥሩው ዓይነት ነው፣ እማ። ማሲና ጥርሷን ትቦርሽና እንደ ከረሜላ ትመጥጠዋለች። ጉሮሮዋ ላይ ይሰፍርና መጥፎውን ቦታ ይከለክለዋል። ሐኪሙ ይረዳት ይሆናል ብሏል።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ጀርም ሳባርር ኖሬ፣ አንቺ ደግሞ በብልቃጥ ታስገቢልኛለሽ!»

ፔሌኒሴ አልሳቀችም። የስምንት ዓመቷ ልጇ ማሲና ዓመቱ ከገባ ጉሮሮዋን አራት ጊዜ ታማለች። ይህ በሽታ ሲመላለስ ልብ ላይ እንደሚወጣ ለዚህ ቤት ሰው ነጋሪ አያሻውም። የፔሌኒሴ ወንድም ታቪታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሞተው በዚሁ ነው። ፎቶው የዛጎል ጉንጉን አጥልቆ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል።

ማማ ሉፔ ወደ ፎቶው ቀና አሉና መለስ አሉ። «እሺ፣ ትምጠጥ።»

ፔሌኒሴ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ በየማታው የሚዘመርበት የጸሎት ሰዓት ደርሶ የቀሩት ስምንት የቤቱ ሰዎች ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። የስምንቱም ጉንጭ አብጧል። በዚህ ቤት አንድ ልጅ ሲበላ ሌላው ቁጭ ብሎ አያይም፤ ብልቃጡ ሁሉንም አዳርሶ ነበር።

«እማ! የማሲና እኮ ነው!»

«ቀስ! እየሰፈረ ነው፣ አታስበርግጊው። ያንቺም ይኸው።»

ማማ ሉፔ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው መዝሙሩን ጀመሩ። የተቀበላቸው የለም። ድምፁ መስኮት የሚያነቃንቀው አጎት ሲያኦሲ አፉን ከፈት ሲያደርግ ሮዝ ለሐጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ከወደ ጥግ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማነው ያኘከው?» አሉ ማማ ሉፔ።

ሁሉም ወደ ጣሪያው አየ። በዚያ ቤት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎቱ በዝምታ ተደረገ፤ የሚሰማው መምጠጥ ብቻ ነበር።

«አሜን» ከመባሉ በሩ ተንኳኳ። ቶንጋዊው ጎረቤታቸው ቪሊያሚ ጥቁር ለብሶ ቆሟል፤ ሚስቱ ከኋላው ለለቅሶ ቤት የሚሰጥ የተጠቀለለ ምንጣፍ ታቅፋለች።

«ዝማሬያችሁን ስናጣ ጊዜ…» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እማማ፣ ማን ነው ያረፈው?»

ሲያኦሲ ሳቁ ሲያመልጠው ከረሜላውም አብሮ አመለጠውና ቪሊያሚ ጫማ ላይ አረፈ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ።

ማማ ሉፔ ብቻ አልሳቁም። ማሲናን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጓት።

«ማንም አልሞተም። ማንም እንዳይሞት ነው» አሉና ብልቃጡን አንኳኩ። «ግቡ እንጂ። ጥርሳችሁን ቦርሻችኋል?»

ለአንድ ወር የታሰበው ብልቃጥ ሐሙስ ዕለት አለቀ። ሁለተኛውን ፔሌኒሴ ደብቃ አስቀመጠችው። ማሲና በዚያ ዓመት ጉሮሮዋን ዳግመኛ አልታመመችም። ከረሜላው ይሁን ዕድል፣ ሐኪሙም ለመናገር አልደፈረም። ኦክቶበር ላይ፣ በልጆች እሑድ፣ ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሷን ሳትሳሳት በቃሏ አለች። ማማ ሉፔ ግን ይህን ሳያዩ ኦገስት 9 ቀን አርፈው ነበር።