የደሟ ዕድሜ

«ሰማሽ አይደል?» አለ ሻዝሊ መቁጠሪያውን በጣቶቹ መሀል እያንሸራተተ። «ምንም የለብሽም። እኔ ስለው የኖርኩትን ሐኪሟም አለችው።»

ኢንሺራሕ ወንበሯን ከባሏ አራቀች። ዓይኗ ዶክተር ሪሃም ጠረጴዛ ላይ ካለው ወረቀት አልተነሳም። ከመንደር እስከ አስዩጥ ከተማ ድረስ በሚኒባስ ስትንገላታ የመጣችው ይህን ለመስማት አልነበረም።

«እኔ ምንም የለብዎትም አልወጣኝም» አለች ዶክተሯ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው እንዳስረዳች ከድምጿ ያስታውቃል። «ሕመምዎንማ የሚያክምዎት ሐኪም ያውቀዋል። እኛ የምናጠናው ሌላ ነው። ብዙ ዓመት በድባቴ የቆየ ሰው ሰውነቱ ከዕድሜው ቀድሞ ያረጅ እንደሆነ ከደሙ እንለካለን። የአብዛኞቹ ቀድሞ ነው የተገኘው። የእርስዎ ደም ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ደም ነው። መታወቂያዎም ሃምሳ ይላል። እኩል ነው።»

«እኩል ነው» አለ ሻዝሊ። «እንደማንም ሴት ማለት ነው።»

ኢንሺራሕ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ ከሆነባት ሃያ ዓመቷ ነው። ሊጥ አቡክታ፣ ሊጡ እስኪበላሽ ድረስ ግድግዳ እያየች የምትውልበት ቀን ብዙ ነው። ባሏ «ስንፍና ነው» አለ፣ አማቷ «የሰው ዓይን ነው» አለች፣ ጎረቤቱ ደግሞ «ጥጋብ ነው» አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እውነትሽን ነው ቢላት ምን ነበረበት? ደሟን የሰጠችው ለዚህ ነበር፤ ጭራሽ ደሟም ከባሏ ጋር አበረባት።

«እንደገና ለኪው» አለች።

«ሁለቴ ለካነው እኮ፣ እናቴ።»

«ሦስተኛ ለኪዋ። ምን ይጎድልብሻል?»

ዶክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። «ከአራት መቶ ሰው እርስዎ ነዎት ያስቸገሩኝ። እስቲ መዝገቡን ተሳስተን እንደሆነ እንይ። የተወለዱበት ዓመት መታወቂያው ላይ ያለው ነው አይደል?»

«መታወቂያው ላይ ያለውማ የእህቴ ነው።»

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። «የማን?»

«የእህቴ። ከኔ አራት ዓመት ቀድማ የተወለደች ኢንሺራሕ የምትባል ነበረች፤ በሦስት ዓመቷ ትኩሳት ወሰዳት። እኔ ስወለድ አባቴ የሷን ሞት፣ የዚችን ልደት ላስመዝግብ እያልኩ ከተማ ለከተማ አልንከራተትም አለና ስሟንም ወረቀቷንም ለኔ አደረገው። እኛ መንደር ግማሹ ሰው እንዲህ ነው።»

ዶክተር ሪሃም ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ያላህ ያለህ። ይሄን መጀመሪያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? መታወቂያ አምጪ አልሽ፣ አመጣሁ።»

«ስንቱ ይሆን የሞተ ወንድሙን ወረቀት ይዞ የመጣብኝ» አለች ዶክተሯ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ የተጻፈውን ሰርዛ ሌላ ቁጥር ጻፈች። «ስለዚህ እርስዎ አርባ ስድስት ዓመትዎ ነው። ደምዎ ደግሞ ሃምሳ ነው ይላል። የአንድ ሰው ውጤት ብቻውን ብዙ አያስብልም፣ አደራ፣ ተረጋገጠ ብለው እንዳይሄዱ። ግን አራት ዓመት ቀድሟል። እንደሌሎቹ።»

እንደሌሎቹ። ኢንሺራሕ የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር፤ ሲመጣ እንዲህ አጭር ይሆናል ብላ አላሰበችም። «ሰማህ አይደል?» ልትለው ወደ ባሏ ዞረች።

ሻዝሊ ግን የሚያየው መሬቱን ነበር።

«አባትሽ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው ብሎ ነው የዳረልኝ» አለ። «ወረቀት አሳይቶኝ።»

«ወረቀቱማ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።»

«አንቺስ?»

የሻሿን ጫፍ ከዓይኗ አወረደች። ራሱ ይቁጠረው።

መቁጠሪያው ሠላሳ ሦስት ዶቃ ነው፤ ትዳራቸውም ዘንድሮ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሻዝሊ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንዱን ዙር ጨረሰ። አርባ ስድስት ዓመቷን ለመሙላት የቀረውን ሊቆጥር እንደገና ከመጀመሪያው ዶቃ ተነሳ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይቆጥር ነበር፤ አሥር ላይ ሲደርስ ጣቱ እየከበደው መጣ። አሥራ ሦስተኛዋ ዶቃ ላይ አውራ ጣቱ ቆመ፤ የሚቆጠር ሌላ ዓመት አልነበረም።