አባቱ ሊናገሩ ሲሉ

ውብሸት ሟች አባቱን የቀረጸበት ቪዲዮ፣ በአሮጌው ኮምፒውተሩ ላይ ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ ሁልጊዜ ቀጥ ይላል። ምን እንዳሉት ረስቷል። በሰው ኮምፒውተር ሊያየው ደግሞ ልቡ እምቢ አለው።

ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፍለጋ ሲዞር ነጋዴው ሁሉ «ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርዱ አርጅቷል፤ ጣለው» እያለ መለሰው። በመጨረሻ መርካቶ ውስጥ አንዲት ነጋዴ ለማዘርቦርዱ የሚስማሙ ሁለት ፕሮሰሰሮች አቀረበችለት።

«ሁለቱም ባለ ሁለት ኮር ናቸው፣ ልዩነታቸው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ርካሹን ውሰድ ወንድሜ። ፍጥነቱን ከተሠራበት በላይ መጨመር ትችላለህ።»

ወስዶ ገጠመው። ፍጥነቱን ሲጨምር ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። እየተራገመ ቀነሰው፤ እንደገና ጥቂት ጨመረ። አመሻሹ ላይ ቪዲዮው ሳይቆም አለፈ።

«ውቤ፣ ይሄን ካሜራ አስቀምጥና ናማ፣ አጠገቤ ቁጭ በል» አሉ አባቱ።

ካሜራው ግን በውብሸት እጅ እንዳለ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል መቅረጹን ቀጠለ።