የትምህርቱ ዕዳ ግን ይቀራል

«የትምህርቱ ዕዳ ግን አብሮ አይሰረዝም» አላት ጠበቃው፣ ወረቀቶቹን እያሰናዳ።

ቨርና ስቶክሊ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። የአሜሪካዋን ቶሊዶ ከተማ ተማሪዎች የምታመላልስበትን አውቶቡስ ዛሬ ለሌላ ሾፌር ትታ የመጣችው ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሏት ነው። ዕዳዬን መክፈል አቅቶኛል ብላ ለፍርድ ቤት ባቀረበችው የኪሳራ አቤቱታ የሆስፒታሉም የክሬዲት ካርዱም ዕዳ ይሰረዝላታል። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነርስ ልሁን ብላ የተበደረችው፣ አሥራ ስድስት ዓመት ስትከፍለው ከመጉደል ይልቅ ያበጠው ዕዳ ግን ይቀራል።

ጠበቃው ኮልቢ የልጇ እኩያ ነው። ሌላ መንገድ እንዳለ በትዕግሥት አስረዳት። እዚያው ፍርድ ቤት ለብቻው ክስ ይመሠረታል፤ ዛሬ መክፈል እንደማትችል፣ ወደፊትም እንደማትችል፣ እስካሁንም ከልቧ እንደሞከረች ማስረዳት አለባት። አስቸጋሪው ወደፊት የሚለው ነው።

ለዚህም የመሐላ ቃል አዘጋጅቶላታል። አነበበችው። በመጨረሻው የትምህርት ዓመት በሽተኛ ስታነሳ ወገቧ እንደተጎዳ፣ በዚያው እንዳቋረጠች፣ ሁሉም በትክክል ሰፍሯል። ከሥሩ ግን «ኑሮዬን የማሻሽልበት ምንም ተስፋ የለኝም» ይላል።

«ይህን እኔ አላልኩህም» አለች።

«ዳኛዋ መስማት የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው፣ ወይዘሮ ስቶክሊ። ጠንከር ካላለ አበዳሪው መንግሥት ይከራከረናል።»

ደሟ ፈላ። ብድሩን የፈረመች ቀን የኮሌጁ ሠራተኛ ፈገግ ብላ፣ ይህ ለነገዎ ነው ብላት ነበር።

«ያኔ ተስፋ አለኝ ብዬ ፈረምኩ፤ አበደሩኝ። አሁን ደግሞ የለኝም ብለሽ ማዪ ትሉኛላችሁ። ስንቱን ልፈርምላችሁ፣ ልጄ?»

ኮልቢ አንገቱን ደፍቶ የወረቀቶቹን ጠርዝ አስተካከለ።

እስክሪብቶውን ከፊቱ አነሳች። «ተስፋ» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ «አቅም» ብላ ጻፈች።

«ወገቤን ይጠይቁት፤ ይመሰክራል» አለችው። «ተስፋው ግን የራሴ ነው።»

ይህ ሊጎዳን ይችላል አላት። ይጉዳ አለች። ከእርማቱ አጠገብ የስሟን መነሻ ፊደላት አኑራ ግርጌው ላይ ፈረመች።

ኮልቢ ወረቀቱን ኮፒ ማድረጊያው ላይ አስተኛው። ግልባጩ ትኩስ እንዳለ ወጣና እጇ ገባ። ጎንበስ ብላ አየችው። የሰረዘችው ቃል ከነመስመሩ አሁንም ይነበባል።