የምሰሶው ምስጥ

እናቱ «ምስጥ ቤቱን ሊጥለው ነው፤ ድረስልኝ» ብለው ቢደውሉለት፣ ለሁለት ሳምንት ብሎ ከውጭ አገር መጣ። እውነትም በየማለዳው ምሰሶው ሥር ደቃቅ ብናኝ ይከመራል። እሱ ግን ምስጧን በዓይኑ ካላየ የማያምን ሰው ነውና፣ መሄጃው ሁለት ቀን ሲቀረው የምስጥ ማጥፊያ ባለሙያ ጠራ።

ባለሙያው ምሰሶውን አንኳኳ፣ ብናኙን አሸተተና ወደ ልጁ ጆሮ ጠጋ አለ። «ወንድሜ፣ ምስጥ ጭቃ ነው የሚለጥፈው። ይሄ ከአናጺ ቤት የመጣ ሰጋቱራ ነው። እዚህ ቤት ያለው ምስጥ ሳይሆን ምስጢር ነው።»

እናቱ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምን አለህ፣ ልጄ?»

«ብዙ ነው አለ፣ እማዬ። መድኃኒቱ ወር ሙሉ መረጨት አለበት። እስኪያልቅ አልሄድም።»

«ብዬህ የለ? ይሄ ምስጥ ቶሎ አይለቅም» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

በማግስቱ ሰጋቱራው እስከ ጉልበት ተከምሮ ጠበቀው።