የክትባት ክፍል

ሲስተር ግሌኒስ ሰውየውን ገና በመስኮት ስታየው ጠላችው። ሙቀቱ አርባ ሁለት ዲግሪ ነው፤ የመሬይ ወንዝ ዳር ወይን እንኳ ጠውልጓል። እሱ ግን እስከ አንገቱ የተቆለፈ እጀ ሙሉ ሸሚዝ ለብሶ ፒካፑ ውስጥ ተጎልቷል። የክሊኒኩ በር በተላተመ ቁጥር ክው ይላል። የጥፋተኛ ድንጋጤ ነው፣ አለች በልቧ።

ሚስቱ ትሩዲ ቀኝ እጇን ዘርግታላታለች። ከትንሿ ጣት በታች ያለው አጥንት ተሰብሯል። ግሌኒስ እንዲህ ያለ ስብራት የምታውቀው በየቅዳሜው ከመጠጥ ቤት በቡጢ ተደባድበው በሚመጡ ጎረምሶች ላይ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ?»

«በር ነው፣ ሲስተር።»

«በሩን ማን ዘጋብሽ?»

ትሩዲ ወደ መስኮቱ አየች።

የግሌኒስ ደም ፈላ። ከሁለት ዓመት በፊት ማሪ የምትባል ሴት «ከደረጃ ወድቄ ነው» ብትላት ቁስሏን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ሸኝታታለች። በሦስተኛው ቀን ባሏ በመጥረቢያ ጨረሳት። ከዚያ ወዲህ ግሌኒስ፣ እኔ አፌን ዘግቼ ሌላ ሰው አይሞትም ብላ ምላለች።

«ንገሪኝ እንጂ። ባልሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ኔቪል ምን ይናገራል ብለሽ ነው። ባለፈው ሐሙስ ልከተብ ብሎ እዚያ ገባና በዚህ ፀሐይ አንድ ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ አስቀመጠኝ።» በአገጯ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለውን «ክትባት» የሚል በር አሳየቻት።

«አረመኔ!» ግሌኒስ ወንበሯን አስጠጋች። ማሪ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላሰበችም። «ስሚኝ። እዚያ ክፍል ገብቶ የተከተበ ሰው የለም። ሐሙስ ሐሙስ ጠበቃ ናት የምትቀመጥበት፣ ያውም በነፃ። ጽሑፉ ውጭ ለሚጠብቀው ደብዳቢ ማታለያ ነው። ዛሬውኑ አጠገብሽ እንዳይደርስ ከፍርድ ቤት እግድ ታወጣልሻለች።»

ትሩዲ በሩን አተኩራ አየችው።

«ጠበቃ» አለች ቀስ ብላ።

ግሌኒስ የትሩዲን ስም ይዛ ወደ ጠበቃዋ ወደ አንቲያ ሮጠች። አንቲያ እንደ ልማዷ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ስም ኮምፒዩተሯ ላይ ካለው የባለጉዳዮች መዝገብ ፈለገችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ላነጋግራት አልችልም።»

«ምን አልሽ?»

«አልችልም፣ ግሌኒስ። ለምን እንደሆነም ልነግርሽ አልችልም። ሌላ ቢሮ እደውልላታለሁ። ስለዚህ ክፍል ነግረሻታል?»

«አዎ ነግሬያታለሁ! እናንተ ሰው እየሞተም ደንባችሁን ነው የምታዩት!»

በሩን በኃይል ዘግታባት ወጣች። ስትመለስ የትሩዲ ወንበር ባዶ ነው።

ከመኪና ማቆሚያው የመስታወት መሰበር ድምፅ መጣ። ከዚያ ጩኸት፣ ሥጋ ላይ የሚያርፍ ምት፣ እንደገና ጩኸት።

«ገደላት!»

ግሌኒስ የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳ ነጥቃ ወጣች፤ የሰውየውን ጭንቅላት ልትከፍለው ቆርጣለች። ፒካፑን ዞረችና እግሯን ደም አዳለጣት።

ኔቪል መሬት ላይ ተኮራምቶ ጭንቅላቱን በክንዶቹ ሸፍኗል፤ በተቀደደው እጅጌው ሥር አሮጌና አዲስ የሲጋራ ቃጠሎ ተደርድሯል፤ ትሩዲ ደግሞ የጎማ መፍቻውን በግራ እጇ እንደገና ከፍ አድርጋ፣ በለስላሳ ድምፅ ጠየቀችው፦ «ክትባቱ አመመህ፣ የኔ ፍቅር?»